ባለ ሁለት ዐይንና ባለ አንድ ዐይን፤ ስለ ፊልም ዳኝነት

ዐይን በር ነው፤ በሩም ጠባቂ ካልተሾመለት የገባው ሁሉ የቤቱ ጌታ ይሆናል። ስለዚህ የቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሥዕልን ለምእመናን ሲሰጡ ሥዕሉን ብቻ አልሰጡም፤ የማየትንም ሥርዐት አብረው ሰጡ። ከባሕር ዳር ማዶ በዘጌ የምትገኘው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የመቅደሷ ግድግዳ በሸማ ላይ ተሥለው በተለጠፉ ሥዕሎች የተሸፈነ ነው። በእነዚህም ሥዕሎች እንደ አገሩ ልማድ ጻድቃንና ሰማዕታት ፊታቸው ሙሉ ሁኖ በሁለት ዐይን ይታያሉ፤ አጋንንትና ከሓድያን ግን ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ እንኳ ይህን ሥርዐት ስለሚያውቅ፥ ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ጠያቂ ሳያስፈልገው ይለያል።

ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እንዲህ ያለ የማየት ትምህርት በነበረበት አገር ነው። ነገር ግን የመጣው ሥርዐቱን ሳይናገር ነው። በአዲስ አበባ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተከፈተውን የፊልም ማሳያ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። በጨለማ ውስጥ በሸማ ላይ የሚሮጥ ጥላ ማየት ለጊዜው ሰው ያስደነግጥ ነበርና የስሙ ምክንያት አይደንቅም። ይሁን እንጂ ድንጋጤ ዳኝነት አይደለም። ዳኛ ከሳሽንና ተከሳሽን ሰምቶ ይፈርዳል እንጂ ደጁን ዘግቶ አይፈርድም። ሽማግሌዎቹ ከደጅ ሲቀሩ ልጆቹ ገብተው ተቀመጡ፤ ያዩትንም የሚመረምርላቸው አልተገኘም።

ይህ ነገር ምን ያህል ጉዳት እንዳለው ከሁሉ ይልቅ አብራርተው የተናገሩት በ1938 ዓ.ም. በጎንደር የተወለዱት የፊልም ደራሲ ፕሮፌሰር ኀይሌ ገሪማ ናቸው። አባታቸው ገሪማ ታፈረ የጎንደርን አርበኞች ታሪክ «ጎንደሬ በጋሻው» በተባለው መጽሐፍ የጻፉ፥ ተውኔትም የደረሱ ሰው ነበሩ። ልጁ ከአባቱ የአገሩን ታሪክ እየሰማ፥ ከሲኒማው ደግሞ የአሜሪካንን ፊልም እያየ አደገ። ፕሮፌሰር ኀይሌ ከብዙ ዘመን በኋላ ሲናገሩ፥ እሳቸውና ጓደኞቻቸው በጎንደር ተራሮች ላይ የከብት ጠባቂዎቹንና የቀይ ሕንዶቹን ጦርነት ሲጫወቱ ሁሉም ከድል አድራጊዎቹ ወገን መሆን ይሹ እንደ ነበር ገልጸዋል። ታርዛን በታየም ጊዜ አፍሪካውያኑ ከኋላው ሲመጡበት የጎንደር ልጆች ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ ነበር።

ነገሩ ሲታሰብ የሚያስቅ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ያሳዝናል። የአርበኞች ልጆች ከታርዛን ጎን ቆመው በራሳቸው ወገን ላይ ጮኹ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ፊልሙ ለታርዛን ሁለት ዐይን፥ ለአፍሪካውያኑ አንድ ዐይን ሰጥቶ ስለ ሣላቸው ብቻ ነው። በዑራ ግድግዳ ላይ ይህን ምልክት ማንበብ የሚችል ሕፃን በሲኒማው ሸማ ላይ ሊያነበው አልቻለም፤ ምክንያቱም በዚያ የሚያስተምረው መሪጌታ አልነበረም።

ፕሮፌሰር ኀይሌ በ1960 ዓ.ም. ገደማ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በመጀመሪያ በቺካጎ የተውኔትን፥ ቀጥሎም በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልምን ጥበብ ተማሩ። በዚያም እንደ ቻርልስ በርኔትና እንደ ጁሊ ዳሽ ካሉ ጥቁር አሜሪካውያን ጋራ የሆሊውድን ሥርዐት የማይከተል ፊልም ለመሥራት ተነሡ። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን አስተማሩ። በ1989 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጽሑፋቸውም ሲኒማን በሦስት ማዕዘን መሰሉት፤ አንዱ ማዕዘን ተመልካቹ ሕዝብ፥ ሁለተኛው ፊልም ሠሪው፥ ሦስተኛው ሐያሲው ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሲኒማው አይቆምም። ሠሪ ብቻውን ቢቀር ለራሱ ይናገራል፤ ተመልካች ብቻውን ቢቀር ይማረካል፤ ሐያሲም ከሁለቱ ቢለይ ቃሉ ከንቱ ይሆናል።

ይህ አሳብ ለቅኔ ቤት ሰው አዲስ አይደለም። በጎንጅም ሆነ በዋሸራ ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ይዞ በመምህሩ ፊት ይቆማል፤ መምህሩም ይሰማል፥ ያርማል፥ ይመልሳል። በጉባኤ ያለውም ሰው ሰሙን ከወርቁ ለይቶ መስማት ይጠበቅበታል። ባለ ቅኔ፥ ሰሚና አራሚ ሦስቱም በአንድ ቤት ስለሚገኙ ቅኔ እስከ ዛሬ ጸንቶ ኖሯል። ፊልም ግን በኢትዮጵያ ሠሪ አግኝቷል፤ በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» ተሠርቶ ታይቷልና። ተመልካችም ሞልቶለታል። የጎደለው ሦስተኛው ማዕዘን ነው።

«ሁሉ በሐያሲ ከተመዘነ፥ ሁሉም ሊያስተምር ከተሠራ፥ ፊልም ስብከት ሁኖ አይቀርምን?» የሚል ሰው ይኖራል። ለዚህ መልሱ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለው የፕሮፌሰር ኀይሌ ሥራ ነው። ይህ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣ ፊልም በአማርኛ የሚናገር፥ በጥቁርና ነጭ የተነሣ፥ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚረዝም ነው። ታሪኩ በባላባት መሬት ላይ የሚያርስ የአንድ ጭሰኛ ቤተ ሰብ ኑሮ ነው። ፊልሙ ተመልካቹን አያጣድፍም፤ ገበሬው ሲያርስ፥ ሴቶቹ ሲደክሙ፥ ባላባቱም ተቀምጦ ሲያዝዝ ዝም ብሎ ረጅም ጊዜ ያሳያል። «ፍረድ» ሳይል ለመፍረድ ፋታ ይሰጣል። በችኰላ የሚሮጠው የታርዛን ፊልም ፈርዶ ይጨርሳል፤ ይህኛው ግን መዝገቡን ዘርግቶ ለዳኛው ይተዋል። በኋላ ዘመንም በማርቲን ስኮርሴዚ አነሣሽነት የተቋቋመው የዓለም ሲኒማ ድርጅት ከሚያድሳቸው የቆዩ ፊልሞች መካከል አስገብቶ አሳድሶታል።

ሠሪው ራሳቸውም ከዳኝነት አላመለጡም። በ1993 እ.ኤ.አ. ስለ ባርነት የሠሩትን «ሳንኮፋ» አከፋፋዮች አልቀበል ስላሉ፥ ፊልሙን ከከተማ ወደ ከተማ እያዞሩ አዳራሽ እየተከራዩ ለሕዝቡ አሳዩ፤ ሕዝቡም ፈረደላቸው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው «ጤዛ» ደግሞ በጀርመን ተምሮ ወደ እናቱ መንደር የተመለሰ አንበርብር የተባለ ሐኪምን ይተርካል። ወጣቶች ለጦር ላለመታፈስ በዋሻ ሲሸሸጉ፥ የተማረው ሰውም ዕውቀቱ ለወገኑ ሳይጠቅም ሲቀር ያሳያል። በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት፥ በ2009 እ.ኤ.አ. በዋጋዱጉ የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ ተሰጠው። ሽልማቱ መልካም ነው፤ ሆኖም የውጭ ዳኛ ብይን የአገርን ዳኛ አይተካም። በፊልሙ ውስጥ የአንበርብርን እናት ትዕግሥትና የመንደሩን ሰዎች ዝምታ ትርጕም ከቬኒስ ሊቅ ይልቅ የጣና ዳር ሰው ያውቀዋልና።

በባሕር ዳር ፔዳ የሚባለው ስፍራ ስሙን ያገኘው በ1965 ዓ.ም. ገደማ መምህራንን ለማፍራት ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ሲሆን፥ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ፔዳና ዘጌ በአንድ ሐይቅ ዳር ናቸው፤ በአንዱ የዘመኑ መምህር፥ በሌላው የሥዕሉ ሥርዐት ይገኛል። ሁለቱ ቢነጋገሩ ሦስተኛው ማዕዘን በተተከለ ነበር። ካህኑ ፊልምን ሳያይ ባያወግዝ፥ የተማረውም ሳይመረምር ባያደንቅ፥ በጨለማው አዳራሽ የተቀመጠው ሕፃን ማን ሁለት ዐይን እንደ ተሰጠው፥ ማንስ አንድ ዐይን እንደ ተደረገ፥ ይህንንም ማን እንዳደረገው መጠየቅ ይማራል። ይህን የጠየቀ ልጅ በራሱ ወገን ላይ አይጮኽም።