ሁሉን የሚችል አንድ ጥይት
በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ የነበረው የጥይት ምርጫ ታሪክ

የጥይትን ነገር በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ማንሣት ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን የመንዝን፥ የግሼንና የመርሐቤቴን ታሪክ ልጻፍ ብሎ የተነሣ ሰው ነፍጥን ሳይጠቅስ ማለፍ አይችልም። ስለ ጠመንጃ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ጥይት ግን የተባለው ጥቂት ነው። ጠመንጃ ያለ ጥይት ከዱላ የማይሻል ስለ ሆነ፥ ጠመንጃ መምረጥ ማለት ጥይት መምረጥ ማለት ነበረ። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ምርጫ ነው።

የጥያቄው መሠረት እጥረት ነው። ባለጠጋው የአውሮጳ አዳኝ ለትንሹ እንስሳ አንድ፥ ለትልቁ ደግሞ ሌላ ጠመንጃ ይይዛል። የደጋው ገበሬ ግን ቢኖረው አንድ ጠመንጃ ብቻ ነበረው። በዚያው ጠመንጃ ወደ ገደል ወርዶ ድኩላ ያድናል፤ በረቱን ከነብር ይጠብቃል፤ የክተት አዋጅ ሲነገርም ትከሻው ላይ አድርጎ ይዘምታል። ስለዚህ ሚዳቋን ሳያበላሽ የሚጥል፥ ትልቁን አውሬም የሚያቆም፥ በጦር ሜዳም የማያሳፍር አንድ ጥይት የትኛው ነው? የሚለው ጥያቄ የጨዋታ ሳይሆን የኑሮ ጥያቄ ነበረ።

አስቀድመን አገሩን እንመልከት። የመንዝ አምባ፥ ማለት ማማ ምድር፥ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር፥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ከፍ ያለ ብርዳም ሜዳ ነው። በምሥራቅ በኩል ወደ ኤፍራታና ወደ ቀወት ቆላ ይወርዳል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ እንደ ወንጪትና እንደ ጀማ ያሉ ወንዞች የቆረጡት ጥልቅ ገደል አለ፤ መርሐቤቴም በዚያ ገደል ተከብቦ ይገኛል። በፈረንጅ አገር በየዓመቱ ቀንዱን የሚጥለው እውነተኛው ዋላ በአገራችን አይገኝም። በእርሱ ፈንታ በገደሉ ላይ ከ15 ኪሎ ብዙ የማይበልጠው ሰስ፥ በቁጥቋጦው ውስጥም ሚዳቋና እስከ 70 ኪሎ የሚደርሰው ድኩላ ነበሩ። ዘማቹ ወደ ቆላና ወደ ደቡብ ሲወርድ ደግሞ አጋዘንን፥ አንበሳን፥ ከ600 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ጎሽና ዝሆንን ያገኛል። እንግዲህ ከ15 ኪሎ እስከ 5000 ኪሎ ባለው መካከል አንድ ጥይት መምረጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር አንባቢ ያስበው።

የመጀመሪያው ነፍጥ በአፈሙዙ ባሩድና እርሳስ የሚጎርስ ነበረ። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በመጣ ጊዜ ከገጸ በረከቱ መካከል 300 ጠመንጃ ነበረበት። በዚያን ዘመን ምርጫው በተኳሹ እጅ ነበረ፤ ለትንሽ እንስሳ ባሩዱን ይቀንሳል፥ ለትልቁ ይጨምራል። ሆኖም ዝናብና ጉም በማይለየው ደጋ ባሩዱ ይርሳል፤ አንድ ጊዜ ተኩሶ የሳተ አዳኝም እንደ ገና እስኪያጎርስ ድረስ ድኩላው ወንዝ ይሻገራል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነገሩ ተለወጠ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ያመጣው ወደ 2000 የሚጠጋ ጠመንጃ ገና የድሮው ዓይነት ነበረ። ከዚያ በኋላ ግን ቀለህ ያለው ጥይት የሚጎርሱ ጠመንጃዎች በብዛት ገቡ። ከእነዚህም መካከል በደጋው ሕዝብ ዘንድ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ውጅግራ ነው። ስሙ የመጣው ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ከሚሉት ነው፤ ይኸውም ጠመንጃውን ያሻሻለው የመኰንኑ የግራ ስም ነው። ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 ለፈረንሳይ ጦር የተሠራ ሲሆን፥ 11 ሚሊሜትር ስፋትና 25 ግራም ክብደት ያለው የእርሳስ አረር ይተኩሳል። አንድ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ በጥቁር ባሩድ ስለሚሠራም ሲተኮስ ጭሱ ተኳሹን ይጋርደዋል፥ ያለበትንም ያሳብቃል።

ታዲያ ውጅግራ ለምን ተወደደ? መልሱ ከጉልበቱ ይልቅ በቀለሁ ላይ ነው። የተተኮሰውን የናስ ቀለህ አንሥቶ፥ አገር ቤት በተወቀጠ ባሩድ ሞልቶ፥ እርሳስ አቅልጦ አረር አፍስሶ መልሶ መጠቀም ይቻል ነበረ። ጥይት ውድ ከመሆኑ የተነሣ በገበያ ላይ ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበረ። ስለዚህ አንድ ተኳሽ ቃታ ሲስብ ገንዘቡን እንደሚያወጣ ያውቃል። የአገራችን ሰው አልሞ ተኳሽነትን ያከበረው ለጀግንነት ብቻ ሳይሆን ለቁጠባም ጭምር እንደ ሆነ እንገምታለን።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተሰለፈው ሠራዊት ብዙ ዓይነት ጠመንጃ ይዞ ነበረ፤ ውጅግራው፥ ረሚንግተኑ፥ ሌላውም ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። የጥይት ዓይነት መብዛት ለአንድ ጦር ታላቅ ችግር ነው፤ የአንዱ ዝናር ለሌላው አይሆንምና። ድሉ በዚህ ችግር ላይ የተገኘ ስለ ሆነ፥ የእነዚያ ሰዎች ሥራ በዓይናችን ይበልጥ ከፍ ይላል።

በዚያው ዘመን ግን በዓለም ላይ ሌላ ለውጥ ተደርጎ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳዮች ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን፥ እኛ ለበን የምንለውን ጠመንጃ አወጡ። ከዚያ በኋላ አረሩ እየቀጠነ፥ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄደ። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው የአንድ ተወርዋሪ ነገር ጉልበት የሚገኘው የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ ነው። የውጅግራ 25 ግራም አረር በሴኮንድ 450 ሜትር ሲሄድ ጉልበቱ ወደ 2500 ጁል ነው። የኢጣልያኑ 6.5 ሚሊሜትር ምንሽር አረር 10.5 ግራም ብቻ ሲሆን፥ በሴኮንድ 700 ሜትር ስለሚሄድ ጉልበቱ ያው ወደ 2570 ጁል ይደርሳል። ቤልጅግ የምንለው የማውዘር ጠመንጃ ደግሞ 7.92 ሚሊሜትር ጥይቱ 12.8 ግራም አረር በሴኮንድ 760 ሜትር ሲያስወነጭፍ ወደ 3700 ጁል ይሰጣል። ፍጥነት ክብደትን እንደሚተካ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ፍጥነት ለገደል አገር ሌላም ጥቅም አለው። የወንጪትን ገደል ተሻግሮ የቆመ ድኩላ ምን ያህል እንደሚርቅ በዓይን መገመት ያሳስታል። የውጅግራ አረር 200 ሜትር እስኪደርስ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የማውዘሩ ግን ግማሽ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ርቀቱን ትንሽ የሳተ ሰው በማውዘር ይመታል፥ በውጅግራ ይስታል። በተጨማሪም በ3000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ አረሩ ፍጥነቱን ቶሎ አያጣም። ከገደል አፋፍ ወደ ታች የሚተኩስ ሰው ደግሞ ዝቅ አድርጎ ማለም አለበት፤ አረሩን የሚስበው ክብደት የሚለካው በአግድሙ ርቀት እንጂ በቁልቁለቱ ርዝመት አይደለምና።

ጉልበት ብቻውን ግን አዳኝን አያጠግብም። በአገራችን ልማድ በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ የታደነው እንስሳ ነፍሱ ሳይወጣ በስመ አምላክ መታረድ አለበት፤ ሞቶ የተገኘ አይበላም። ስለዚህ ጥሩ ጥይት የሚባለው እንስሳውን በቶሎ የሚጥል፥ ነገር ግን አዳኙ ቢላዋውን ይዞ እስኪደርስ ድረስ የማያጠፋ ነው። ሙሉ ልባስ ያለው የጦር ጥይት ደግሞ በድኩላ ሰውነት በኩል ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ እንስሳውም ቆስሎ ይሸሻል፥ በማይደረስበት ገደል ውስጥ ይሞታል። ጫፉ ክፍት የሆነው የአደን ጥይት ይህን ችግር ያቃልላል፤ ነገር ግን ለደጋው ሰው የሚደርሰው የጦር ጥይት ስለ ነበረ፥ ጉድለቱን የሚሞላው ቀርቦና አነጣጥሮ በመተኮስ ነበረ።

ለትልቁ አውሬ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚያስፈልገው ጠንካራና ሰርስሮ የሚገባ አረር ነው። ስኮትላንዳዊው አዳኝ ዎልተር ቤል በአፍሪካ ከ1000 በላይ ዝሆን ሲገድል አብዛኛውን የገደለው በ7 ሚሊሜትር ማውዘር ነው። የአንጎሉን ቦታ አጥንቶ ስለሚያውቅ ትልቅ ጠመንጃ አላስፈለገውም። እንዲህ ያለ እውቀት የሌለው ሰው ግን በዚያው ጥይት ጎሽ ቢያቆስል ሕይወቱን ያጣል። ሁሉን የሚችለው ጥይቱ ሳይሆን ተኳሹ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከሁሉ ይልቅ የጥይት ምርጫ የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሆነው በጠላት ወረራ ጊዜ ነው። በ1927 ዓ.ም. ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት የአውሮጳ መንግሥታት ወደ ኢትዮጵያ መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ከማይጨው ጦርነት በኋላ በሸዋ ደጋ ከራስ አበበ አረጋይ ጋርና በየአካባቢው መሪዎች ሥር ሆነው እስከ 1933 ዓ.ም. የተዋጉት አርበኞች ከውጭ የሚመጣላቸው ጥይት አልነበረም። የቤልጅግ ጥይት በጉልበት ቢበልጥም ዝናሩ ባዶ ከሆነ ምን ይጠቅማል? በዚህ ጊዜ የሚሻለው ጥይት ጠላት ራሱ በበቅሎ ጭኖ የሚያመጣው የምንሽር ጥይት ሆነ። ይህም የራሱ ችግር ነበረበት፤ የኢጣልያን ምንሽር 6 ጥይት የሚጎርሰው ከመያዣው ጋር ስለ ሆነ፥ መያዣው የጠፋበት ተዋጊ አንድ አንድ እያጎረሰ ለመተኮስ ይገደዳል። ስለዚህ ከጦርነት በኋላ የሚለቀም መያዣና ቀለህ ከምርኮ ጠመንጃ ያላነሰ ዋጋ ነበረው።

የዚያ ዘመን ዋጋ ምን ያህል እንደ ነበረ ዘረት የሚገኘው የአመጸኛ ዋሻ ይመሰክራል። በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም. በዚያ ዋሻ የተጠለሉትን አርበኞች ከሴቶች፥ ከሽማግሌዎችና ከሕፃናት ጋር የኢጣልያ ጦር በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጃቸው። ለእነዚያ ሰዎች የትኛው ጥይት ይሻላል የሚለው ጥያቄ ስንት ቀርቶናል ከሚለው የተለየ አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ ሌሎች ጥይቶች መጡ። ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ በብዛት የገባው የክላሽንኮቭ ጥይት 8 ግራም ያህል አረር አለው፤ ጉልበቱም ወደ 2000 ጁል ሲሆን ከአሮጌው ውጅግራ እንኳ ያንሳል። ለቅርብ ውጊያ የታሰበ እንጂ ለትልቅ አውሬ የተሠራ አይደለም። የመሣሪያው መብዛት፥ ከእርሻ መስፋፋትና ከደን ማለቅ ጋር ተባብሮ፥ አራዊቱን አሳነሰ። ዛሬ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል።

በአንጻሩ ግን በመንዝ ጓሳ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ የሚታጨድበት ጊዜ በሽማግሌዎች ይወሰን ነበረ። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. በመሬት ዐዋጅ ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። በዓለም ላይ ወደ 500 ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮ፥ ጭላዳውም እስከ ዛሬ በዚያ ይኖራሉ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንደመድማለን? በጉልበቱ፥ በቀጥተኛ አካሄዱና ከሰስ እስከ አጋዘን ባለው አገልግሎቱ ከዘረዘርናቸው ጥይቶች ለደጋችን የሚስማማው የቤልጅግ ጥይት ነው ብለን እናምናለን፤ ለጎሽና ለዝሆን ግን አይበቃም። ታሪክ ግን ሌላ መለኪያ ያስቀድማል፤ መልሰው ሊያገኙት ወይም ሊሠሩት የማይችሉት ጥይት የቱንም ያህል ቢበረታ የሰው ንብረት ነው። አባቶቻችን ውጅግራን የወደዱት ቀለሁን ራሳቸው ስለሚሞሉት ነበረ። የእኛ ትውልድም ከዚህ ሊማር የሚገባው ይህን ነው፤ የምንጠቀምበትን ነገር በራሳችን እጅ መሥራትን፥ የተረፈውንም እንደ ጓሳ መጠበቅን።