ማሟሻና ማሰሻ

ስለ ጎብዬ ታሪክ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ጦርነት ነው። እኛ ዛሬ ስለ ምጣድ እናውራ።

ራያ ቆላ የማሽላ አገር ነው። የማሽላም ይሁን የጤፍ ሊጥ ካልተሟሸ ምጣድ አይላቀቅም፤ ሸክላው በደቃቅ ቀዳዳዎቹ ስቦ ይይዘዋል። እናቶቻችን አዲሱን ምጣድ በተወቀጠ ጎመን ዘር እያሹ በእሳት ያሟሹታል። ዘይቱ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ እንጀራ በፊት ማሰስ ብቻ ነው።

ፈረንጅ ቴፍሎንን ያገኘው በ1938፣ መጥበሻ ላይ የቀባው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ያገኘውን ሮይ ፕላንኬትን ታሪክ መዝግቦታል። ምጣድ የሠሩልንን ሸክላ ሠሪዎች ግን «ቡዳ» ብለን ሰደብናቸው፤ ስማቸውንም አልጻፍንም። እንጀራው ተላቀቀ፤ ስድቡ እኛው ላይ ተጣብቆ ቀረ።