አዳራሹ ሳሎን ሆነ፤ ማድ ቤቱስ?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የትልቅ ሰው መኖሪያ በአንድ ጣሪያ አያልቅም ነበር። መኖሪያው ግቢ ነው። በአጥሩ ውስጥ ጌታው የሚያርፍበት እልፍኝ ለብቻ፣ እንግዳ የሚበላበት አዳራሽ ለብቻ፣ እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ጎተራ፣ የበቅሎ ጋጣና የአሽከሮች ማደሪያ ሁሉም ለየብቻቸው ይቆማሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬደው በደጅ፣ ከሰማይ በታች ነው።

የዚህ አሠራር ቁንጮ የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነበር። በ1890 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራው አዳራሽ በግብር ቀን ሺዎች እየተፈራረቁ የሚስተናገዱበት ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሚኖሩበት ቤት ግን ከአዳራሹ ይለያል። ምግቡና መጠጡ የሚዘጋጅባቸው ቤቶች ደግሞ የየራሳቸው ሹምና ሠራተኛ ነበራቸው። መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፍረው ይህንኑ በየአቅማቸው ደገሙት፤ ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ካሳ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የተወረሱት ከእነዚያ ግቢዎች ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ቤትና የቤኒሻንጉሉ ገዥ የሼክ ሆጀሌ ቤት ከዚያ ዘመን አካባቢ ከተረፉት መካከል ናቸው። ጎብኚ አሁን የሚያየው ዋናውን ቤት ብቻ ስለሆነ፣ በዙሪያው የነበሩት የሥራ ቤቶች ሲጠፉ የግቢው ግማሽ ታሪክ አብሮ እንደጠፋ አያስተውልም።

የከተማዋ ቤት ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ግቢ የመጥበብ ታሪክ ነው። ሰፊው ፕላን በመቶ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ወደ ነጋዴው፣ ወደ ደመወዝተኛው፣ በመጨረሻም ወደ አንድ ክፍል ተከራይ ወረደ። ሲጠብ ግን እኩል አልጠበበም። በየዘመኑ የእንግዳው ቦታ እስከ መጨረሻ ሲጠበቅ ማብሰያው ቀድሞ ተገፍቷል።

መጀመሪያ ቤቱን ያጠበቡት ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ ናቸው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ገብቶ በፍጥነት ሲስፋፋ ቀጥ ያለ፣ ርካሽና ቅርብ የሆነ እንጨት ተገኘ። ከጅቡቲ የተዘረጋው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ቆርቆሮ ማምጣት ቀለለ። ቆርቆሮ ክብ ጎጆ አይመቸውም፤ ቀጥ ያለ ጠርዝና አራት ማዕዘን ይፈልጋል። ስለዚህ ክቡ ጎጆ ቀስ እያለ ለአራት ማዕዘኑ ቤት ቦታ ለቀቀ። ግድግዳው ቋሚ ተተክሎ፣ በማገር ተያይዞ፣ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ተመረገ። የአዲስ አበባ አብዛኛው ቤት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

በአራት ማዕዘኑ ቤት ግቢው በግድግዳ ተከፋፍሎ አንድ ጣሪያ ሥር ገባ። አዳራሹ ሳሎን ሆነ፤ ከበሩ እንደገቡ የሚገኘውና ከሁሉም የሚሰፋው ክፍል እሱ ነው። እልፍኙ መኝታ ቤት ሆኖ ወደ ጎን ዞረ፣ ጓዳው ወደ ውስጥ ተሸጎጠ። ጣሪያው ሥር መግባት ያልቻለው ማድ ቤቱ ብቻ ነበር።

ለዚህ በቂ ምክንያት አለ። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በእንጨትና በኩበት ሲነድ የሚወጣው ጭስ ዐይን ያቃጥላል፣ ለኮርኒስ የተወጠረውን አቡጀዲ በጥቂት ወራት ያጠቁራል። ጋገራ ሲደርስ የሊጡ ማቡኪያ፣ ውኃው፣ ማሰሻውና የማገዶው ክምር ሁሉ በአንድ ጊዜ ቦታ ይሻሉ። ሽንኩርትና በርበሬ ለረጅም ሰዓት የሚቁላላበትን ምድጃ ከሶፋ አጠገብ ማቆም የሚፈልግ ሰው የለም። ስለዚህ ማድ ቤቱ በጓሮ ቀረ፤ ሴቶቹም በዝናብ ነጠላ ተከናንበው ወጥ ይዘው ሲመላለሱ ኖሩ። የቤቱ ምቾት ለማን እንደተሠራ ከዚህ ምልልስ ይታያል።

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘባቸው ዓመታት ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያስገነባቸው ቪላዎች ሌላ ሐሳብ ይዘው መጡ። የካዛንችስ ስም የተወረሰው ከእነዚያ የሠራተኛ ቤቶች ሲሆን፣ የፖፖላሬም ለተራው ሠራተኛ ከታሰቡት ቤቶች ነው። በአውሮፓዊው ፕላን ማብሰያው ከመኖሪያው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነው፤ ለድስትና ለመጥበሻ ይበቃል። ከነጻነት በኋላ እንዲህ ያሉ ቪላዎችን የያዙና በእነሱ አምሳል ያሠሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ፕላኑን በራሳቸው መንገድ አረሙት። ከዋናው ቤት ጀርባ፣ አጥሩን ተጠግቶ፣ ሰርቪስ ቤት ተሠራ። እንጀራው እዚያ ይጋገራል፣ ሠራተኛዋ እዚያ ታድራለች፣ በጉ እዚያ ይታረዳል፣ እህሉ እዚያ ይከማቻል። ዋናው ቤት ውስጥ ያለው ኩሽና ሻይ ማፍያና ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የአዲስ አበባ ቪላ ከፊት ሲታይ ዘመናዊ ነው፤ ከኋላ ሲታይ ግን የድሮው ግቢ ነው።

ተራው ነዋሪ እንዲህ ያለ ቪላ አልነበረውም። የከተማው መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ ስለነበር አብዛኛው ሕዝብ ተከራይ ነበር። አከራዩ ከፊት ባለው ቤት ይኖራል፤ ከኋላ በአንድ ቆርቆሮ ሥር የተደረደሩ፣ እያንዳንዳቸው አንድ በርና አንድ መስኮት ያላቸው ክፍሎች ይከራያሉ። ለሁሉም አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ አንድ የጋራ ማድ ቤት። በማድ ቤቱ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ጉልቻ አለው፤ የአንዷን ምድጃ ሌላዋ ሳታስፈቅድ አትነካም። የግቢው ፕላን ለአሥር ቤተሰብ ሲከፋፈል እንኳ የእሳቱ ቦታ ባለቤት አላጣም።

በ1940ዎቹ በስዊድን መንግሥት ትብብር የተቋቋመው፣ በኋላ የዩኒቨርሲቲው የሕንፃ ትምህርት ቤት የሆነው ኮሌጅ አነስተኛ ዋጋ ያለው ቤት እንዴት እንደሚሠራ ካጠኑት ቀዳሚ ተቋማት አንዱ ነው። ጥናቱ በጎ ነበር፣ ግን ከከተማዋ ዕድገት ጋር ሩጫውን አልቻለም።

ከዚያ 1967 መጣ። ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ተፈቀደለት፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ኪራዩ በወር ከ100 ብር በታች የሆነ ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። የድሃው ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። ለአከራይ ሲገብር ለኖረ ተከራይ ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ ዛሬ አዋጁን የሚነቅፍ ሰው ይህን ሊዘነጋ አይገባም።

የትልልቆቹ ቤቶች አዲስ ዕጣ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። አንዳንዱ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ አንዳንዱ መዋዕለ ሕፃናት ሆነ። ብዙው ደግሞ ለበርካታ ቤተሰቦች ተከፋፈለ። የመኳንንት ሳሎን በችፑድ ተጋርዶ ሁለት ቤት ወጣው፤ በረንዳው ተዘግቶ አንድ መኝታ ቤት ሆነ፤ የእንጨት ደረጃው ሥር የከሰል ማስቀመጫ ገባ። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት በጥቂት ብር ተወስኖ ስለቀረ ቀበሌው የሚያድስበት ገንዘብ አልነበረውም። ነዋሪውም የእኔ ነው ብሎ በሙሉ ልብ አይገነባም፤ ለመጠገን እንኳ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቆርቆሮው ዛገ፣ ምርጊቱ ተቦደሰ፣ ቤተሰቡ ግን በዛ።

ወደ ጎን ማስፋት ያልቻለ ቤተሰብ ወደ ላይ አየ። ቆጥ የተስፋፋው በዚህ ጭንቅ ነው። በጭቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ አጣና ተጋድሞ ሳንቃ ይነጠፍበታል፤ በትንሽ መሰላል ይወጣል። ልጆቹ እዚያ ያድራሉ፣ ያጠናሉ፣ ሲያገቡም እዚያው መጋረጃ ይጋረዳል። ከታች የቀረው ክፍል እንደገና ሳሎን ይሆናል፦ ሶፋው፣ ብፌው፣ በዳንቴል የተሸፈነው ቴሌቪዥን። የውጭ ሰው አንድ ክፍል ቤት ያያል፤ ቤተሰቡ ግን እንግዳ መቀበያውን ከመኝታው ለይቷል። አርክቴክት ሳያግዘው፣ በአጣናና በሳንቃ ብቻ፣ የአዳራሽንና የእልፍኝን ልዩነት በአሥራ ምናምን ካሬ ሜትር ውስጥ ያስከበረው ሰው ከማንኛውም ዲዛይነር እኩል ሊከበር ይገባል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የከተማዋ አስተዳደር ከጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ ጋር አዲስ መንገድ ሞከረ። የመጀመሪያው የኮንዶሚኒየም ሙከራ በቦሌ ገርጂ ተሠራ፤ ከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ደግሞ ሥራውን ወደ መላው ከተማ አስፋፉት። ዋጋ ለመቀነስ የተመረጠው መንገድ ግልጽ ነው፦ በብሎኬት ግድግዳ፣ አስቀድሞ በተመረተ የወለል ቢም፣ አነስተኛ ሲሚንቶና ብረት በሚበላ ስትራክቸር እስከ አራተኛ ፎቅ መውጣት። ቤቱም ሙሉ በሙሉ ሳይጠናቀቅ ይሰጣል፤ የወለሉን ንጣፍና የውስጥ በሮቹን ባለቤቱ እንደ አቅሙ ይጨርሳል። ስቱዲዮው ከ20 ካሬ ሜትር በታች፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለቱ ከ30 እስከ 45፣ ባለ ሦስቱ ከዚያ በላይ ሆኖ ተነደፈ። ከቤቶቹ 30 በመቶው ለሴቶች ተያዘ። በ1997ቱ ምዝገባ ከ450 ሺህ የሚበልጥ ሰው ስሙን አስመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ሁለተኛ ምዝገባ ደግሞ ቁጥሩ ከ900 ሺህ አለፈ።

ንድፍ አውጪዎቹ እንጀራን አልረሱትም፤ ይህ ሊነገርላቸው ይገባል። በየብሎኮቹ መካከል የጋራ መገልገያ ቤት ሠሩ፤ እንጀራ እንዲጋገርበት፣ ልብስ እንዲታጠብበት፣ በግ እንዲታረድበት። ሐሳቡ የተከራዮቹን ግቢ የጋራ ማድ ቤት ይመስላል። ሆኖም ብዙ ቦታ ላይ እንደታሰበው አላገለገለም። ማቡኪያና ማገዶ ተሸክሞ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ ያስቸግራል፤ የራሷ ጉልቻ የለመደች እናት ተራ መጠበቅ ይከብዳታል፤ ቁልፉን ማን ይይዛል፣ መብራቱን ማን ይከፍላል የሚለውም ጥል አያጣውም። ብዙዎቹ ቤቶች ለስብሰባ፣ ለሱቅ ወይም ለዕቃ ማከማቻ ዋሉ።

ነዋሪው መፍትሔውን ራሱ አመጣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭሱን ቢያስቀርም ስፋቱን አልቀነሰም። አንድ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ስለሚስብ ጎረቤቶች አብረው ሲጋግሩ መብራት መውደቁ የተለመደ ነው። ስለዚህ በረንዳው በመስታወትና በላሜራ ተዘግቶ ማድ ቤት ሆነ። መኝታ ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ የምጣድ ቦታ ወጣው። ሌላዋ የሳሎኑን ሶፋ ሳትነካ ምጣዱን ከመኝታ ቤት አልጋ ሥር አስቀመጠች፤ በጋገራ ቀን ትስበዋለች። ኮሪደሩ ላይ የከሰል ምድጃ ተደርድሮ ሽሮ ይንተከተካል፣ ቡና ይቆላል፣ በርበሬ ይሰጣል። በ30 ካሬ ሜትር ቤት ውስጥም ትልቁ ቦታ የተሰጠው ለሶፋውና ለብፌው ነው።

አዳራሹም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ሰርግ ወይም ለቅሶ ሲመጣ የዕድሩ ድንኳን በብሎኮቹ መካከል ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበርና ሰሐን ከዕድሩ መጋዘን ይወጣል፣ ትልልቅ ድስቶች በውጭ ይጣዳሉ። ለሁለት መቶ ሰው የሚበቃ ቦታ ማንም ቤት ውስጥ መሥራት አይችልም፤ ስለዚህ የመኪና ማቆሚያው ለሦስት ቀን አዳራሽ ይሆናል። በብሎኮች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እንደ ብክነት የሚቆጥሩ ዕቅድ አውጪዎች ይህን ቀን መጥተው ቢያዩት ይጠቅማል፤ የአንድ ቤት ዋጋ የቀነሰው ትልቁ ክፍሉ ወደ ጋራ ደጅ በመውጣቱ ጭምር ነውና።

አሁን በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ሥራ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንችስ የተነሱ ብዙ ቤተሰቦች ከቀበሌ ቤት በቀጥታ ወደ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። በሌላ በኩል የግል ባለሀብቶች የሚሸጧቸው አፓርታማዎች ማስታወቂያ የሚዘረዝረውን ማንበብ ነው፦ ሰፊ ሳሎን፣ ዘመናዊ ኪችን፣ ከእሱ ጀርባ ሁለተኛ ማድ ቤት፣ የሠራተኛ ክፍል ከነመታጠቢያው። ለመክፈል አቅም ያለው ገዥ የሚጠይቀው የጓሮውን ሰርቪስ ቤት ነው፤ በአሥረኛ ፎቅ ላይ፣ ስድስትና ሰባት ካሬ ሜትር ሆኖ ይቀርብለታል። ዋጋው በካሬ ስለሚሰላ ለዚያች ጠባብ ክፍልም እንደ ሳሎኑ እኩል ይከፈላል። የአነስተኛ ቤት ንድፍ አውጪዎች ግን ምጣዱ ከነማቡኪያው የት እንደሚቀመጥ የሚያሳይ ፕላን ለባለ አንድ መኝታው ቤተሰብ እስካሁን በበቂ አላቀረቡም።