የግርማ በየነ ሸክላዎች፦ ለምን ብርቅ ሆኑ? በእጃቸው ያሉ ሰዎችስ እንዴት ይጠብቋቸው?

በዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ የግርማ በየነን ያህል ብዙ ሠርተው፣ የሥራቸውን ያህል ስማቸው ያልተነሣ ባለሙያ ማግኘት ይከብዳል። ግርማ ድምፃዊ፣ የዜማና የግጥም ደራሲ፣ ፒያኖ ተጫዋችና አቀናባሪ ናቸው። በወርቃማው የሸክላ ዘመን በራሳቸው ድምፅ ያስቀረጿቸው ዘፈኖች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ለሌሎች ድምፃውያን ያቀናበሯቸው ግን በርካታ ደርዘኖች ናቸው።

ስለዚህ የግርማን ሥራዎች ማሰባሰብ የሚሻ ሰው ሁለት ተግባር ይጠብቀዋል። አንደኛው እሳቸው የዘፈኑባቸውን ጥቂት ሸክላዎች መፈለግ ነው። ሁለተኛውና ረጅሙ፣ በሌሎች ድምፃውያን ስም የሚታወቁ ሸክላዎችን እያገላበጡ በትንንሽ ፊደላት የተጻፈውን ማንበብ ነው።

ነገሩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ከእነዚህ ሸክላዎች ብዙዎቹ ዛሬ ያሉት በቤተ መዛግብት ሳይሆን በግለሰቦች ቤት ነው፤ ከአገር ሲወጡ በሻንጣቸው ይዘዋቸው የሄዱ ሰዎችም እያረጁ ነው። በአሜሪካ ነቫዳ ግዛት የሚገኘው የላስ ቬጋስ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር በ2023 በዚያ ለሚገኝ የንግድ አካባቢ ‘ሊትል ኢትዮጵያ’ የሚል ስያሜ ሰጥቷል። በዚሁ ካውንቲ ውስጥ የምትገኘው ሄንደርሰን ግን የበረሃ ከተማ ናት። ሙቀት ደግሞ የሸክላ ዋነኛ ጠላት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግርማ በየነ ማን ናቸው?

ግርማ የሙዚቃ ሕይወታቸውን የጀመሩት በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ሲሆን፣ በራስ ሆቴል ይጫወት ከነበረው ራስ ባንድ ጋር ሠርተዋል። ጊዜው ከክብር ዘበኛ፣ ከፖሊስና ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ውጭ፣ በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች የሚጫወቱ የግል ባንዶች ብቅ ያሉበት ነበር። የአሜሪካ ሶልና አር ኤንድ ቢ ሙዚቃ በሬዲዮና በሸክላ አማካይነት የወጣቱን ጆሮ ይዞ ነበር።

ከግርማ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣው ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴ ነው። ሁለቱ በቅርበት ከመሥራታቸው የተነሣ በስማቸው የተሰየመ ዓለም ግርማ ባንድ የተባለ ቡድን አቋቁመው ነበር። በኋላም ግርማ ከዋልያስ ባንድ ጋር ሠርተዋል። ባንዱ በ1977 ባሳተመው ‘ቼ በለው’ የተሰኘ አልበም ውስጥ የሚገኘው ‘ሙዚቃዊ ስልት’ የእሳቸው ድርሰት ነው። ድምፃዊ የሌለው ይህ ሥራ ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ባንዶች ይጫወታል፤ ደራሲው ማን እንደሆነ የሚያውቀው አድማጭ ግን ጥቂት ነው።

ዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ዝግጅት ሲጓዝ ግርማ አብረው ሄዱ። ከጉዞው በኋላ በዚያው ከቀሩት አባላት መካከልም አንዱ ሆኑ። በዋሽንግተን አካባቢ በነዳጅ ማደያ እየሠሩ፣ ከመድረክና ከስቱዲዮ ርቀው ረጅም ዓመታት ኖረዋል።

ሸክላዎቹን ያሳተሙት እነማን ነበሩ?

ሸክላ በኢትዮጵያ ታሪኩ ረጅም ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ከ1948 ጀምሮ ደግሞ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር።

ይህን ብቸኛ መብት የተዳፈረው ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ነው። አምሃ በ1969 አምሃ ሪከርድስን መሥርቶ የመጀመሪያውን ሸክላ አወጣ፤ ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። በአገሪቱ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ የተቀዳው ድምፅ ወደ ውጭ ይላክ ነበር፤ በመጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ በኋላም ወደ ሊባኖስ። አምሃ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችንና ከ10 በላይ አልበሞችን አሳትሟል። ከእሱ ቀጥሎ አሊ አብደላ ካይፋ፣ በቅጽል ስሙ አሊ ታንጎ፣ ካይፋ ሪከርድስን አቋቋመ። የፊሊፕስ ኩባንያም በኢትዮጵያ ቅርንጫፉ በኩል በርካታ ሸክላዎችን አውጥቷል።

ከ1969 እስከ 1978 በነበሩት ዓመታት በጠቅላላው ወደ 500 የሚጠጉ ነጠላ ሸክላዎችና ወደ 30 የሚጠጉ አልበሞች እንደታተሙ ይገመታል። ቁጥሩ የአንድ መካከለኛ የአሜሪካ አሳታሚ ኩባንያ የጥቂት ዓመታት ምርት ቢመስል አያስገርምም። የሰብሳቢዎች ዓለም ግን ዛሬም ከዚህ ትንሽ ክምችት እየቀዳ ነው።

ለምን ብርቅ ሆኑ?

የመጀመሪያው ምክንያት የቅጂው ማነስ ነው። ሸክላ ማጫወቻ የነበራቸው ቤቶች ጥቂት ስለነበሩ አሳታሚዎቹ ብዙ አያሳትሙም ነበር። ሸክላዎቹ በብዛት ይደመጡ የነበሩትም በቡና ቤቶችና በሙዚቃ ቤቶች ሲሆን፣ አንዱ ቅጂ በደነዘ መርፌ እየደጋገመ ስለሚጫወት ፈጥኖ ይጎዳ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የ1974ቱ አብዮት ነው። የሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን ሕይወት አቆመ፤ አምሃ እሸቴም በ1975 ከአገር ወጣ። በዚያው ጊዜ ገደማ ካሴት ገበያውን ያዘ። ካሴት ርካሽ ነበር፤ ለመቅዳትም ቀላል ስለሆነ ሸክላው ወደ ካሴት ከተገለበጠ በኋላ ተፈላጊነቱ ቀረ። ብዙው ተጣለ፤ ብዙውም እንደ ተራ ዕቃ ተሸጠ።

ሦስተኛው ምክንያት ግርማን በተለይ የሚመለከት ነው። የሸክላ ሽፋን የሚያጎላው የድምፃዊውን ስምና መልክ ነው። አቀናባሪው ስሙ ከተጻፈም መሐል ባለው ክብ ወረቀት ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም አልተጻፈም። ሸክላው ወደ ካሴት ሲገለበጥ ይህ ወረቀት አብሮ አይገለበጥም። በዚህ መንገድ ዘፈኑ እየተሰማ የሠራው ሰው ስም ተለየው።

ከአላባማ የመጣ ተመሳሳይ ዕጣ

ይህ ዕጣ የግርማ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ ብሉዝና የገጠሩ ካንትሪ ሙዚቃ ተቀላቅለው የፈጠሩት ሶል ብዙ ባለውለታዎቹን ረስቷል። ከእነዚህ አንዱ የአላባማው ተወላጅ አርተር አሌክሳንደር ነው። ራሱ ደርሶ የዘፈነውን ‘ዩ ቤተር ሙቭ ኦን’ በኋላ ሮሊንግ ስቶንስ ተጫውተውታል። ‘አና’ የተባለውን ዘፈኑን ደግሞ ቢትልስ በ1963 በመጀመሪያው አልበማቸው አካትተውታል። አሌክሳንደር ግን ሙዚቃውን ትቶ በክሊቭላንድ ከተማ ለዓመታት አውቶቡስ ነድቷል። በ1993 በአዲስ አልበም ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት አረፈ።

በእነዚህ ዓመታት ስሙን ያቆዩለት በዋናነት ነጠላ ሸክላዎቹን ሲፈልጉ የኖሩ ሰብሳቢዎች ናቸው። በግርማም ላይ የሆነው ከዚህ ይቀራረባል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1997 የጀመረው ‘ኢትዮፒክስ’ የተሰኘው ተከታታይ ሥራ የአምሃንና የካይፋን ሸክላዎች በሲዲ አድርጎ ለዓለም አዳረሰ። በስምንተኛው ቅጽ ‘እኔ ነኝ ባይ ማነሽ’ የተሰኘው የግርማ ዘፈን ይገኛል። ተከታታዩ 30ኛ ቅጽ ላይ ሲደርስ፣ በ2017፣ ሙሉ አልበሙ የግርማ ሆነ፤ መቀመጫውን ፓሪስ ካደረገው አካሌ ውቤ ከተባለው ባንድ ጋር የሠሩት ነው። ያ አልበም የተቻለው የቆዩ ሸክላዎችን አገላብጦ የአቀናባሪውን ስም ያነበበ ሰው ስለነበረ ነው።

የመጀመሪያው እትም እንዴት ይለያል?

በአሁኑ ወቅት በርካታ የኢትዮጵያ ሸክላዎች በአውሮፓና በአሜሪካ በሕጋዊ መንገድ ዳግም ታትመዋል፤ ሕጋዊ ያልሆኑም አሉ። ሙዚቃውን ማዳመጥ ለሚፈልግ ዳግም እትሙ ጥሩና ርካሽ ምርጫ ነው። የመጀመሪያውን እትም የሚፈልግ ሰው ግን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚከተሉትን ቢመለከት ይበጀዋል።

• ሽፋኑ፦ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በታተመ ሽፋን ላይ ባር ኮድም ሆነ የድረ ገጽ አድራሻ አይኖርም።

• የመሐሉ ወረቀት፦ የአሳታሚው ስም፣ የሸክላው ቁጥር፣ የባንዱና የአቀናባሪው ስም የሚገኙት እዚህ ነው። በእጅ የተጻፈ የባለቤት ስም ወይም የሙዚቃ ቤት ማኅተም ቢኖር መፋቅ የለበትም፤ እሱም የታሪኩ አካል ነው።

• የተቀረጸው ቁጥር፦ ሙዚቃው አልቆ መርፌው በሚያርፍበት ለስላሳ ቦታ ላይ ፋብሪካው የቀረጸው ቁጥር አለ። ከሌላ ቅጂ ጋር ሲነጻጸር እትሙን ለመለየት ይረዳል።

• የስሙ አጻጻፍ፦ የኢትዮጵያ ስሞች በላቲን ፊደል የሚጻፉት በየአሳታሚው በተለያየ መንገድ ነው። በኢንተርኔት ገበያዎች ላይ የግርማን ስም በአንድ አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ብዙ ያመልጠዋል።

• ዋጋው፦ ሻጩ የጠራው ዋጋ ሳይሆን ተመሳሳይ ሸክላ ከዚህ በፊት በእርግጥ የተሸጠበት ዋጋ ነው መመዘኛው። ሸክላው በዓይን ብቻ ታይቶ ነው ወይስ ተጫውቶ የተመዘነው ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው።

በበረሃ ከተማ ሸክላን መጠበቅ

የ1970ዎቹ ሸክላ የተሠራው ቪኒል ከተባለ ፕላስቲክ ሲሆን፣ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ ይለሰልሳል። ሄንደርሰን ውስጥ በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። በጠራራ ፀሐይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ይበልጣል። ከገበያ የተገዛ ሸክላ መኪና ውስጥ ተትቶ ምሳ ቢበላ፣ ሲመለሱ የተጣመመ ሸክላ መጠበቁ የማይቀር ነው። ድሬዳዋ ወይም ሪያድ ለሚኖርም ጥንቃቄው ያው ነው።

ጋራዥና ከጣሪያ ሥር ያለ ማከማቻ ለሸክላ የሚሆኑ ቦታዎች አይደሉም። የሚመረጠው ቤተሰቡ በሚኖርበት፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ብዙ በማይርቅ ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮትና ከማሞቂያ የራቀ መደርደሪያ ነው። ሸክላዎቹ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ከተደራረቡ ወይም ካዘነበሉ በክብደታቸው ይጣመማሉ። የበረሃ ደረቅ አየር ሻጋታን ቢያስቀርም በሸክላው ላይ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚፈጥር አቧራ ይስባል። ስለዚህ ከመጫወቱ በፊት በካርቦን ፋይበር ብሩሽ ማበስ፣ የከረመ ቆሻሻ ካለ ደግሞ የመሐሉን ወረቀት ሳያርሱ በተጣራ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ማጽዳት ያስፈልጋል። ከቪኒል በፊት የነበሩት በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩ ሸክላዎች ከሌላ ቁስ የተሠሩና በቀላሉ የሚሰበሩ ናቸው፤ አልኮልም ያበላሻቸዋል።

የቆየ ሸክላ በቤት ውስጥ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ በአሮጌ ማጫወቻ ላይ ባይሞክረው ይመረጣል። የደነዘ መርፌ በአንድ ጊዜ ማጫወት የማይመለስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

መቅዳትና መብት

ብርቅ ሸክላን በጥሩ መርፌ አጫውቶ አንድ ጊዜ በጥራት መቅዳት፣ ደጋግሞ ከማጫወት ያድነዋል። ለማቆየት የሚቀዳ ድምፅ ሳይታመቅ፣ በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ ቢሆን ይመረጣል። ከድምፁ ጋር የሽፋኑ ሁለት ገጾች፣ የሁለቱም ጎኖች ወረቀትና የተቀረጸው ቁጥር ፎቶ መነሣት አለባቸው። ግርማን የመሰለ አቀናባሪ ስሙ የሚተርፈው በእነዚህ ፎቶዎች ነው።

ሸክላው የእኔ ነው ማለት ግን ሙዚቃው የእኔ ነው ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን፣ የከዋኝንና የአሳታሚን መብት ይጠብቃል። ለራስ የተቀዳን ሥራ በኢንተርኔት ማሰራጨት ወይም ዳግም ማሳተም የባለመብቶችን ፈቃድ ይጠይቃል።

ባለቤቱ ያረጀ የሸክላ ስብስብ ብዙ ጊዜ የሚበተነው ከሞቱ በኋላ፣ ልጆቹ ምንነቱን ስለማያውቁ ነው። ከዚያ በፊት ሊደረግ የሚችለው ቀላል ነገር ዝርዝር ማዘጋጀት ነው፦ የሸክላው ቁጥር፣ ድምፃዊው፣ ባንዱ፣ አቀናባሪው፣ የትና መቼ እንደተገዛ። ባለቤቱ ታሪኩን በራሱ አንደበት ቢናገርና በስልክ ቢቀዳ የበለጠ ጥሩ ነው። ሸክላውን ሌላ ሰብሳቢ ሊተካው ይችላል፤ ማን እንደተጫወተበት የሚያስታውሰውን ሰው ግን የሚተካው የለም።