ፍሪሲዮን

ፍሪሲዮን፦ ከጣሊያንኛ «ፍሪትሲዮኔ» የመጣ፣ ፍችውም መፋተግ የሆነ ቃል ነው። እንደ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታና ሞላ ሁሉ በጋራዦቻችን ሥር ሰዷል። ከአጋሮና ከሊሙ ገነት ወደ ጅማ ቡና የሚያመላልስ የአይሱዙ ሹፌር ግን በዚህ አንድ ስም ሦስት ነገር ይጠራል፤ በግራ እግር የሚረገጠውን ፔዳል፣ ከሞተሩ ጋር የሚፋተገውን ሸራ፣ ሁለቱን የሚያገናኘውንም መሥመር። «ፍሪሲዮኑ ጠነከረ» ሲባል ካምቢዮ ወርዶ ሸራ የሚቀየረው ከዚህ መደባለቅ የተነሣ ይመስለኛል። መፈተሽ የሚገባው መጀመሪያ መሥመሩ ነው።

በካቦ የሚሠራ ከሆነ ኩሽኔታውን ከሚገፋው ሹካ ካቦውን ፈትቶ ፔዳሉን መርገጥ ይበቃል። አሁንም ከከበደ ጥፋቱ የፔዳሉ ማጠፊያ ወይም የዛገው ካቦ ነው፤ ከቀለለ ከሹካው ወዲያ፣ ከኩሽኔታው ወይም ከሞላው ዘንድ ይፈለግ። በዘይት በሚሠራው ላይ የሞተር ዘይት መጨመር የመሥመሩን ጎማዎች አሳብጦ ፒስተኑን ያስይዛል፤ የሚገባው የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። ያለቀ ሸራም ፔዳል ያከብዳል የሚል መካኒክ አልተሳሳተም፤ ሸራው ሲሳሳ የሞላው ጣቶች አቀማመጥ ይለወጣል። ያ ክብደት ግን ቀስ እያለ የሚመጣ ነው፤ ድንገተኛ ጥንካሬን አያስረዳም። የስፖርት መኪና ፔዳል ደግሞ ከፋብሪካው ጠንካራ ሊሆን ይችላል፤ ብርቱ ሞተር ሸራው እንዳይንሸራተት ብርቱ ሞላ ይፈልጋልና። እዚያ የሚመዘነው ከቀድሞው ምን ያህል እንደ ጠነከረ ነው። በቡና ለቀማ ወራት ያለ ምክንያት ካምቢዮ የወረደበት መኪና ሥራ ፈትቶ ይቆማል፤ ስለዚህ በጥገና ማዘዣው ላይ የፍሪሲዮን ፔዳል፣ የፍሪሲዮን ካቦ ወይም የፍሪሲዮን ሸራ ተብሎ ተለይቶ ይጻፍ።