ባቡሩ ለምን በዚያኛው ሐዲድ አይሄድም?

አቃቂ ቃሊቲ ሁለት ዓይነት ሐዲድ ያየ ክፍለ ከተማ ነው። አንደኛው ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በአቃቂ ጣቢያ አልፎ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጥንቱ ምድር ባቡር ሐዲድ ነው፤ ስፋቱ አንድ ሜትር። ሁለተኛው በሴፕቴምበር 2015 ሥራ የጀመረው፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጋው የከተማው ቀላል ባቡር ሐዲድ ነው፤ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም ባቡር ይባላሉ፣ ሁለቱም ሰው አመላልሰዋል፤ ግን የአንዱ መንኮራኩር በሌላው ሐዲድ ላይ አይቀመጥም።

እንግዲህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ባቡር አይደለም፣ ስለ ሊነክስ ነው። በተለይም መዳፍ ስለሚያክሉት፣ እንደ ራስበሪ ፓይ ስላሉት ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተሮች። ሐዲዱን ያመጣሁት ነገሩ ቁርጥ እሱን ስለሚመስል ነው።

ፕሮግራም የሚጻፈው ሰው በሚያነበው ቋንቋ ነው። ከዚያ ፕሮሰሰሩ ወደሚገባው ትእዛዝ ይለወጣል። ችግሩ ፕሮሰሰሮች አንድ ቋንቋ አይናገሩም። ቢሮ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ባብዛኛው የኢንቴልን ቤተሰብ ቋንቋ ይናገራል፤ ኪሳችሁ ያለው ሞባይልና ራስበሪ ፓይ ደግሞ የአርምን። ይህን ልዩነት ነው ባለሙያዎቹ አርክቴክቸር የሚሉት። በአንዱ ቤተሰብ ውስጥም ባለ 32 ቢትና ባለ 64 ቢት የሚባል ሌላ መለያየት አለ።

ኢያን መርዶክ ዴቢያን የተባለውን የሊነክስ ሥርዓት የመሠረተው በ1993 ነው። በዴቢያን ዓለም ሶፍትዌር በፓኬጅ ታሽጎ ይመጣል። ማሽኑ ግን ፓኬጁን ከማውረዱ በፊት ዝርዝሩን ያወርዳል፤ ምን አለ፣ ስንተኛው እትም ነው፣ አብሮት ምን ያስፈልገዋል? ሱቅ ከመሄድ በፊት ዋጋ መጠየቅ በሉት። እያንዳንዱ አርክቴክቸር የራሱ ዝርዝር አለው። በ1998 የወጣው ዴቢያን 2.0 ሁለት አርክቴክቸር ብቻ ነበረው፤ አርም የገባው በ2000 ከወጣው ዴቢያን 2.2 ጋር ነው።

ባለ 64 ቢት ኮምፒውተሮች ከ2003 ወዲህ ሲስፋፉ ጣጣው ጀመረ። እንደ ስካይፕና ፍላሽ ያሉት ፕሮግራሞች ምንጫቸው በባለቤቶቻቸው እጅ ስለነበረ ማንም ተነሥቶ ለአዲሱ ማሽን ሊለውጣቸው አይችልም ነበር። ዴቢያኖች ያገኙት ማስታገሻ የ32 ቢት ላይብረሪዎችን ሁሉ በአንድ ግዙፍ ፓኬጅ ማጨቅ ነበር። ከውስጡ አንዷ የደኅንነት ቀዳዳ ከተገኘባት ጆንያው በሙሉ እንደገና መታሸግ ነበረበት።

መልቲአርች የሚባለው መፍትሔ ከዚህ ጭንቀት ተወለደ። እንደ ቶሌፍ ፎግ ሄንና ስቲቭ ላንጋሴክ ያሉ ሰዎች ለዓመታት ደክመውበት በ2011 ኡቡንቱ 11.04 ላይ መታየት ጀመረ፤ በ2013 ዴቢያን 7 ላይ ደረሰ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ አርክቴክቸር ላይብረሪውን በራሱ ማኅደር ያስቀምጥ፣ አንዱ በሌላው ላይ አይጻፍ። አንዳንድ አገሮች ሁለት ዓይነት ባቡር በአንድ መስመር ለማሳለፍ ሦስተኛ ሐዲድ ይጨምራሉ። መልቲአርች ያ ሦስተኛ ሐዲድ ነው።

ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ራስበሪ ፓይ በ35 ዶላር ለገበያ ቀረበ። ፕሮሰሰሩ ግን አሮጌ የአርም ትውልድ፣ ስድስተኛው ነበር። ዴቢያን "አርም ኤች ኤፍ" ብሎ ያዘጋጀው ዝርዝር ደግሞ ሰባተኛውን ይጠይቃል። ማይክ ቶምፕሰንና ፒተር ግሪን ከ35,000 በላይ ፓኬጆችን ለትንሿ ቦርድ እንደገና አዘጋጅተው ራስቢያንን በጁን 2012 አደረሱ። ስሙን ግን ያው "አርም ኤች ኤፍ" አሉት። ስም አንድ፣ ይዘት ሁለት! የዴቢያንን ዝርዝር በመጀመሪያው ፓይ ላይ የጨመረ ሰው ፕሮግራሙ ሲጫንለት ይደሰታል፤ ሲያስነሣው ግን ድርግም ይልበታል።

በ2022 ደግሞ ባለ 64 ቢቱ ሥርዓት በይፋ ወጣ። ያኔ ኔትፍሊክስ ማየት የፈለገ የ32 ቢቱን ብራውዘር መጫን ነበረበት። ስለዚህ ሁለት ዝርዝር በአንድ ማሽን።

የኛ አገር ልጆችም ይህን መለያየት ሳያውቁት አልፈውበታል። በ2008 ወደ 5,000 የሚጠጉ፣ የአማርኛ ኪቦርድ የተዘጋጀላቸው አረንጓዴ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታደሉ፤ ፕሮሰሰራቸው የኢንቴል ቤተሰብ ነበር። በ2012 የዚያው ድርጅት ሙከራ በወንጪና በወለንጪቲ ሲካሄድ ልጆቹ የተሰጧቸው ታብሌቶች አርም ነበሩ። የአንዱ ፕሮግራም እንዳለ በሌላው ላይ አይነሣም።

"ታዲያ ምን ይጠበስ?" ትሉኝ ይሆናል። የዴቢያን 12 ዋና ዝርዝር ታሽጎም ለአንድ አርክቴክቸር ወደ 9 ሜጋባይት ይጠጋል። ሁለት ሲሆን 18። ሃያ ማሽን ባለው ክፍል፣ አንዲት ፕሮግራም ሳትጫን 360 ሜጋባይት! የኢንተርኔት "ፓኬጅ" ገዝቶ የሊነክስ ፓኬጅ ለሚያወርድ ልጅ ይህ የቡና ወሬ አይደለም። በ2020 ጁን መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ ደግሞ ያልወረደ ፓኬጅ በምንም ገንዘብ አይገኝም ነበር።

ስለዚህ ቦርድ ያላችሁ ይህን ያዙ። መጀመሪያ አርክቴክቸራችሁን እወቁ፤ ስትጠይቁም ከርነሉን ሳይሆን የፓኬጅ አስተዳዳሪውን፣ ዲፒኬጂን ጠይቁ። ከ2023 ጀምሮ ፓይ 4 ላይ ሥርዓቱ 32 ቢት ሆኖ ከርነሉ 64 ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው አርክቴክቸር የማያስፈልጋችሁ ከሆነ በሱ የተጫኑትን ፓኬጆች አስቀድማችሁ አውጡ፤ አለበለዚያ ዲፒኬጂ አልሰርዝም ይላል። ብዙ ማሽን ካላችሁ አንዱን ማከማቻ አድርጉት፤ እሱ አንዴ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ከሱ ይቀዳሉ።

ደስ የሚለው አንድ ነገር ላክል። ዴቢያን ውስጥ "ለሁሉም" የሚል አርክቴክቸር አለ፤ ፕሮሰሰር የማይመርጡ ፓኬጆች የሚመደቡበት። አቢሲኒካ የተባለው የፊደላችን ፎንት እዚያ ነው። ግእዝ በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ በፊት በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ጉራማይሌ ይሆን ነበር። ሰዎች ተቀምጠው አንድ ስምምነት ላይ ስለደረሱ ዛሬ ፊደሉ በየትኛውም ሐዲድ ይሄዳል።

ሁሉም ነገር ግን "ለሁሉም" አይደለም። በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለአሮጌዎቹ ባለ 32 ቢት ኮምፒውተሮች መጫኛ ማዘጋጀት አቁሟል። እዚያ ውሳኔ ሲወሰን፣ እዚህ ጥግ ላይ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ወይ ይተርፋል ወይ ዕቃ ይሆናል። ዝርዝሩን ማንበብ የቻለ ሰው ቢያንስ የትኛው ባቡር እንደቀረበት ያውቃል፤ ሲበረታም ሦስተኛውን ሐዲድ ከሚያነጥፉት አንዱ ይሆናል። እነ ቶምፕሰንም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ቸር እንሰንብት!