«ፍሰት»፣ «ማፋሰሻ»፣ «ፍሳሽ»፦ የአዲስ አበባ ጎዳናዎች ታሪክ በቃላት ሲታይ

«ፈሰሰ» ከሚለው ግስ የወጡ ሦስት ቃላት ዛሬ በአዲስ አበባ የመንገድ ሥራ ውስጥ በየዕለቱ ይነገራሉ። «ፍሰት» የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ ነው፤ «ማፋሰሻ» የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ነው፤ «ፍሳሽ» ከየቤቱ የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ ነው። የሦስቱም ሥር አንድ ነው፤ የሚገናኙበትም ስፍራ አንድ ነው፤ እርሱም ጎዳናው ነው። ይሁን እንጂ የከተማዋ ታሪክ ሲመረመር የመጀመሪያው ዕቅድና ገንዘብ ሲያገኝ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ከኋላ ተከታይ ሆነው ይገኛሉ። ይህ ጽሑፍ ያንን መለያየት በቦታ ስሞችና በሙያ ቃላት በኩል ይከታተላል። ዓመታቱ በሙሉ የተሰጡት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አዲስ አበባ በ1886 ስትቆረቆር ስፍራው ስም አልባ አልነበረም። ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ይሉት ነበር፤ ስሙም ከፍል ውሃው ጋር የተያያዘ ነው። አማርኛው «ፍልውሃ» ያንኑ ምንጭ በራሱ ግስ ሰየመው። ቀበና፣ ቀጨኔ፣ ግንፍሌ እና አቃቂም የወንዝ ስሞች ናቸው። ከእነዚህ መካከል «ግንፍሌ» የአማርኛ ተናጋሪን ጆሮ ወዲያው ወደ «ገነፈለ» ይወስደዋል፤ በክረምት ከአፋፉ ለሚተርፍ ወንዝ የሚስማማ ስም ነው። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ስሞች ውሃን ያውቁ ነበር። መሬቱም ይህን ያስገድዳል። በስተሰሜን ያለው የእንጦጦ ሰንሰለት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በስተደቡብ ያለው የአቃቂ ሜዳ ግን ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ይላል። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሚጥል፣ ውሃው በጥቂት ወራት ከተማዋን ከላይ እስከ ታች አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል።

ሁለተኛው የስሞች ንብርብር የሰፈር ነው። «ሰፈር» «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን፣ ከተማዋ የጦር ሰፈር ሆና መጀመሯን እስከ ዛሬ ይመሰክራል። መኳንንቱ በንጉሠ ነገሥቱ ግቢ ዙሪያ ከፍ ከፍ ያለውን ስፍራ ይዘው ከነሠራዊታቸው ሰፈሩ፤ ራስ ብሩ ሰፈርን የመሳሰሉ ስሞች ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው። በጉብታዎቹ መካከል ያለው ሸለቆ ባዶ ቀረ። መንገድ የሚባለውም አንዱን ሰፈር ከሌላው የሚያገናኝ፣ እግረኛና በቅሎ የረገጠው ጠመዝማዛ ዱካ ነበር። ከተማዋ ስትሞላ ግን ሌላ ቦታ ያላገኘው ድሃ ወደ ወንዙ ዳር ወረደ። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእርሱን በር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሸለቆውን ለመሻገር ድልድይ አስፈለገ። ራስ መኮንን ድልድይ እና ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የታላላቅ ሰዎችን ስም ይዘው ቀሩ። እዚህ ላይ አንድ ለውጥ ይታያል፦ ሕዝቡ ድልድዩን ሲጠራ ከሥሩ የሚያልፈውን ወንዝ አይጠራም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ምኒልክ ያስመጡት የመንገድ መዳመጫ፣ ባመጣው የአርመን ተወላጅ ነጋዴ ስም «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። በ1917 የባቡር ሐዲዱ አዲስ አበባ ደረሰ። አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎና ስድስት ኪሎ ደግሞ ርቀትን ስም አደረጉት። ወንዝና ጉብታ ይሰየምበት የነበረው ከተማ በመለኪያ መሰየም ጀመረ።

የኢጣሊያ ወረራ (ከ1936 እስከ 1941) ሦስተኛውን ንብርብር አመጣ። ጉዊዲ እና ቫሌ የተባሉት መሐንዲሶች የነደፉት ፕላን መሠረተ ሐሳቡ ነዋሪዎችን በዘር መለየት ነበር፤ የአገሬው ገበያም ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተገፋ። «መርካቶ» ገበያ ማለት ነው፤ «ፒያሳ» አደባባይ ማለት ነው፤ «ካዛንቺስ» ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የኢጣሊያ ተቋም ምሕጻር የተወለደ ነው። ሕዝቡ ቃላቱን ከወራሪው ተቀብሎ የራሱ አደረጋቸው፤ ዛሬ መርካቶን እንደ ባዕድ ስም የሚሰማ የለም። «መኪና»፣ «ጎማ» እና «ቱቦ» የመጡትም ከኢጣሊያንኛ ነው። ከእነዚህ «ቱቦ» በተለይ ልብ ይባላል። የገበሬው «ቦይ» በዓይን የሚታይና በየክረምቱ መባቻ የሚጠረግ ነበር፤ ቱቦ ግን ከመሬት በታች ስለሆነ የሚታወሰው ሲደፈን ብቻ ነው።

ከነፃነት በኋላ ማስተር ፕላን በማስተር ፕላን ተተካ፦ በ1956 የእንግሊዛዊው አበርክሮምቢ፣ በ1965 የፈረንሳዊው ደ ማሪየን፣ በ1986 የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ባለሙያዎች የጋራ ሥራ። ከዚያም በሁለቱ ሺህ መባቻ «ቀለበት መንገድ» ተሠራ፤ «ማሳለጫ» የሚለው ቃልም በጎተራ አማካይነት የዕለት ንግግር ሆነ። የሁለቱም ስሞች ፍች ሳይቋረጡ መሄድ ነው። ነገር ግን ቀለበቱ ለመኪና ሲገጥም ለእግረኛ ተቆረጠ፤ አንድ የነበረ ሰፈር በአጥር ተከፍሎ፣ ጎረቤት ለመጠየቅ እስከ መሻገሪያ ድልድዩ ድረስ መሄድ ግድ ሆነ። አብዛኛው ጉዞ በእግር በሚሆንበት ከተማ ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም። «ትራፊክ» የሚለው ቃል ራሱ በአማርኛ በቅድሚያ የሚያመለክተው ፖሊሱን ነው፤ እንቅስቃሴውን ለመሰየም «ፍሰት» መጨመር አለበት። ቋንቋው የመንገዱን ችግር የሚያየው አስተናባሪ በሚፈልግ ተሽከርካሪ መልክ ነው ማለት ይቻላል።

ውሃው እስከዚያ ምን ሆነ? በአስተዳደር አሠራር የዝናቡ «ማፋሰሻ» የመንገድ መሥሪያ ቤት ድርሻ ሲሆን፣ «ፍሳሽ» የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ኃላፊነት ነው። በወረቀት ላይ ሁለት የሆኑት ግን በመሬት ላይ ይቀላቀላሉ፦ የመጸዳጃ ቤት መስመር ከጎርፍ ቱቦ ጋር ይገናኛል፤ የፕላስቲክ ጠርሙስና የግንባታ አሸዋ አፉን ይዘጋዋል። በዚህ ላይ አስፋልትና ቆርቆሮ ውሃ አይመጡም፤ ሣርና ማሳ ያዘገዩት የነበረው ዝናብ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ቁልቁለቱ ይደርሳል። አሮጌው አስፋልት ሳይነሣ አዲስ በተደረበ ቁጥር መንገዱ ከፍ ይላል፤ በዳር ያለው ቤት ግን ባለበት ይቀራል፤ በዚህም ጎዳናው ራሱ ወንዝ፣ ደጃፉም ማረፊያው ይሆናል።

ውሃን መርሳት የሚያስከፍለውን ዋጋ ከአዲስ አበባ ይልቅ በከፋ መልኩ ያሳየችው ድሬዳዋ ናት። በባቡር ሐዲድ ምክንያት የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ከዚራና መጋላ ተብላ በደቻቱ ወንዝ ግራና ቀኝ ትገኛለች። ወንዙ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ፣ ሰው እንደ መንገድ ይሻገረዋል፤ ይነግድበታልም። በነሐሴ 2006 ግን በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ። ደቻቱ ስሙን አልለወጠም ነበር፤ የተለወጠው ሰው ለስሙ የሚሰጠው ትርጉም ነበር፤ ወንዝ ተብሎ እየተጠራ ጎዳና ሆኖ ኖረ።

ከ2024 ወዲህ በአዲስ አበባ «ኮሪደር ልማት» በሚባለው ሥራ መንገዶች ሰፍተዋል፤ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተዘርግቷል፤ በፒያሳና በሌሎች ቦታዎች ያረጁ ሰፈሮች ፈርሰዋል። እግረኛው ቦታ ማግኘቱ ለረጅም ጊዜ የጎደለውን የሚሞላ ነው። ሆኖም ነዋሪዎች ሲበታተኑ ስሞቹም አብረው ይበተናሉ፤ አዲሱ መኖሪያ የሚጠራው በሳይትና በብሎክ ቁጥር ነው። አንዲት ባልቴት «ይህ ጅረት በሐምሌ እስከዚህ ድንጋይ ይደርሳል» ብለው የሚናገሩት ቃል በየትኛውም ካርታ ላይ ላይገኝ ይችላል። እርሳቸው ሲነሡ ያ መረጃ አብሮ ይነሣል።

ስለዚህ የስም ጥናት ለታሪክ ወዳጆች ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። ቡልዶዘሩ ከመድረሱ በፊት የጅረቶችን፣ የረግረጎችንና የአፋፎችን ስም በአማርኛም በኦሮምኛም ከነዋሪዎች ሰብስቦ ለመሐንዲሱ ካርታ ማቀበል፣ ከቱቦ መግዣው አንጻር ጥቂት ወጪ ብቻ የሚጠይቅ ነው። መሐንዲሱ የቱቦውን ስፋት ከዝናብ መለኪያ ያሰላል፤ ውሃው ቀድሞ በየት ይሄድ እንደነበር ግን የሚነግሩት ስሞቹ ናቸው። «ፍሰት»፣ «ማፋሰሻ» እና «ፍሳሽ» በአንድ ግስ ሥር እንደተገናኙ ሁሉ፣ በአንድ ዕቅድ ላይም ሊገናኙ ይገባል። እስከዚያ ድረስ ከላይ ያለው ሰው የመንገዱን መስፋት ሲያደንቅ፣ ከታች ያለው የክረምቱን መግባት በሥጋት መጠበቁ አይቀርም።